ላድሎውን እንዴት እንጎብኝ? የአንዲት የእንግሊዝ የገበያ ከተማ ታሪክና መስህቦች

በምዕራብ እንግሊዝ፣ ከዌልስ ድንበር አቅራቢያ፣ በሽሮፕሻየር ግዛት የምትገኘው ላድሎው የነዋሪዎቿ ብዛት ከ10 ሺህ ብዙም የማይበልጥ ትንሽ ከተማ ናት፤ ይሁን እንጂ በሕግ የሚጠበቁ ታሪካዊ ሕንጻዎቿ ወደ 500 ይጠጋሉ። አብዛኛው ጎብኚ ከባቡር እንደወረደ በቀጥታ ወደ ግንቡ ያመራና ፍርስራሹን ተዟዙሮ አይቶ፣ ጥቂት ፎቶግራፎች አንስቶ፣ ምሳውን በልቶ ይመለሳል። እንዲህ ያለው ጉብኝት ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ግንቡ የታሪኩ መግቢያ እንጂ ታሪኩ ራሱ አይደለም። ግንቡ ገበያ ወለደ፤ ገበያው ባለጸጋ ነጋዴዎችን አፈራ፤ ነጋዴዎቹም ቤተ ክርስቲያኑን አሳነጹ፣ በየጎዳናው ግራና ቀኝ የተደረደሩትን ቤቶች አቆሙ። ይህን መስመር ከመነሻው ጀምሮ በእግር ለመከተል አንድ ሙሉ ቀን ይበቃል፤ የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ያ ቀን እንዴት ቢውል እንደሚሻል ማሳየት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ቀኑን መምረጥና መድረስ

የገበያ ከተማን ገበያ በሌለበት ቀን መጎብኘት ግማሹን ነገር ሳያዩ መመለስ ነው። የላድሎው ገበያ በተለምዶ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብና ቅዳሜ ከግንቡ በር ፊት ለፊት ባለው አደባባይ ላይ ይቆማል፤ አንዳንድ እሑዶች ደግሞ የአሮጌ ዕቃዎችና የእጅ ሥራ ውጤቶች የሚሸጡባቸው ናቸው። ቅዳሜ ሰው ስለሚበዛ፣ ተረጋግቶ ማየት ለሚፈልግ ሰኞ ወይም ረቡዕ ይሻላል። ከ1995 ጀምሮ በየመስከረሙ በግንቡ ቅጥር ውስጥ የሚካሄደው የምግብ ፌስቲቫል ለላድሎው ታላቅ ስም አትርፎላታል፤ ነገር ግን በዚያ ሰሞን ማደሪያ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ የመጡበት ጉዳይ ታሪክ ከሆነም ሕዝቡ ግንቡን በወጉ አያሳይም።

ከሽሩስበሪ ወይም ከሄርፎርድ በባቡር የሚመጣ ሰው ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ከማንቸስተር ተነስተው ያለ ቅያሪ ላድሎው የሚያደርሱ ባቡሮች አሉ፤ ከለንደን ግን ቢያንስ አንድ ጊዜ ባቡር መቀየር የግድ ስለሆነ ጉዞው ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ስለዚህ ከለንደን የሚነሱ ከሆነ በዋዜማው ገብተው ማደር ይበጃል። ጣቢያው በ1852 የተከፈተ ሲሆን፣ ከዚያ እስከ ከተማው እምብርት በእግር ዐሥር ደቂቃ ያህል ነው። ከተማዋ ዳገትና ቁልቁለት ናት፤ የግንቡ ደረጃዎች ያረጁና ያልተስተካከሉ በመሆናቸው ተረከዙ ዝቅ ያለ፣ የማያንሸራትት ጫማ ያድርጉ።

መጀመሪያ ከወንዙ ማዶ

ከጣቢያው ወጥተው የኮርቭ ስትሪትን ዳገት ሲጨርሱ፣ ቡል ሪንግ ከሚባለው መገናኛ ላይ ፊቱ በሙሉ በተቀረጸ እንጨት የተሸፈነ ቤት ያገኛሉ። ይህ ፌዘርስ፣ ማለትም «ላባዎች» የሚባለው ቤት ነው፤ በ1619 ያሠራው ሪስ ጆንስ የተባለ ጠበቃ ሲሆን፣ በ1670 ገደማ የእንግዶች ማረፊያ ሆነ። ስሙን ያገኘው የዌልስ ልዑል ዓርማ ከሆኑት የሰጎን ላባዎች ነው። ለጊዜው ከመንገዱ ማዶ ቆመው የእንጨቱን ሥራ ይመልከቱና አንድ ጥያቄ ይያዙ፦ እንዲህ ባለች ትንሽ ከተማ አንድ ጠበቃ ይህን የመሰለ ቤት ለመሥራት ገንዘቡን ከየት አመጣ? መልሱ ግንቡ ውስጥ ይጠብቅዎታል።

ወደ ግንቡ ከመግባትዎ በፊት ግን አደባባዩን አቋርጠው፣ ከግንቡ ግድግዳ ሥር በሚያልፈው መንገድ ወደ ዲንሃም ቁልቁል ይውረዱ። ከታች የቲም ወንዝ ላይ የተሠራው ግድብ ውኃውን እያስጮኸ ያፈስሳል። ላድሎው የሚለው ስም ከጥንታዊው እንግሊዝኛ የመጣ ሲሆን፣ በጩኸታም ውኃ አጠገብ ያለ ጉብታ እንደ ማለት ነው፤ ስለዚህ ድልድዩ ላይ ቆሞ ውኃውን ማዳመጥ የከተማዋን ስም በጆሮ መስማት ነው። ድልድዩን ተሻግረው ዊትክሊፍ የሚባለውን በዛፍ የተሸፈነ ገደል ይውጡ። ዳገቱ አጭር ቢሆንም ትንፋሽ ያስቆርጣል።

ከላይ ሆነው ሲመለከቱ ከተማዋ ለምን እዚህ እንደተመሠረተች ያለ ማብራሪያ ይገባዎታል። ወንዙ ኮረብታውን ከምዕራብና ከደቡብ አቅፎ ይዞታል፤ ግንቡ በገደሉ ጫፍ ላይ፣ ወንዙን ቁልቁል እያየ ተቀምጧል፤ ከግንቡ በስተ ምሥራቅ፣ በኮረብታው አናት ላይ፣ የቅዱስ ሎረንስ ቤተ ክርስቲያን ማማ ከጣሪያዎቹ ሁሉ በላይ ቀጥ ብሎ ይታያል። በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ ገበያው ነው። ከጀርባ ደግሞ የክሊ ኮረብታዎች ይታያሉ። ይህን እይታ በአእምሮ ይዞ ወደ ከተማዋ የሚመለስ ጎብኚ በጠባቦቹ መንገዶች ውስጥ ሲገባ የት እንዳለ አይጠፋበትም።

ግንቡ

ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የዌልስን ድንበር እንዲጠብቁ ከተሾሙት ባላባቶች መካከል የደ ሌሲ ቤተሰብ አንዱ ነበር፤ ይህን ግንብ በ11ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የጀመሩትም እነርሱ ናቸው። በዚያ ዘመን አብዛኞቹ ምሽጎች ከአፈር ጉብታና ከእንጨት አጥር ይሠሩ ስለነበር፣ ላድሎው ከመጀመሪያው በድንጋይ ከተገነቡት ጥቂት ግንቦች አንዱ መሆኑ ልዩ ያደርገዋል።

ውስጠኛው ቅጥር ዘንድ ሲደርሱ ከፊትዎ የሚቆመውን ትልቁን ማማ ቶሎ አልፈው አይሂዱ። ይህ ማማ መጀመሪያ የተሠራው የግንቡ በር እንዲሆን ነበር፤ ሰውና ፈረስ የሚገቡት በሥሩ በሚያልፈው ቅስት ነበር። በ12ኛው ክፍለ ዘመን መተላለፊያው በድንጋይ ተደፍኖ ማማው የመጨረሻ መሸሸጊያ ሆነ፤ መግቢያውም ከጎኑ በተከፈተ ሌላ በር ተተካ። ግድግዳውን ቀረብ ብለው ቢያስተውሉ የተደፈነው ቅስት ዱካ ዛሬም ይለያል። ከዚያም በውስጠኛው ግቢ መካከል ብቻውን የቆመውን የመግደላዊት ማርያም ጸሎት ቤት ይፈልጉ። ይህ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ክብ ነው፤ እንዲህ ያሉ ክብ አብያተ ክርስቲያናት በእንግሊዝ እጅግ ጥቂት ናቸው። ጣሪያው የለም፤ ይሁን እንጂ በውስጥ ግድግዳው ዙሪያ የተደረደሩት ትንንሽ ቅስቶችና ዚግዛግ ቅርጻቸው ዘጠኝ መቶ ዓመት ገደማ ዝናብና ንፋስ ችለው እስካሁን አሉ። ከግንቡ ሁሉ አንድ ቦታ ብቻ ለማየት ጊዜ ያለው ሰው ይህን ይምረጥ እላለሁ።

ለጠበቃው ቤት መልስ የሚሰጠው ታሪክ የሚጀምረው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ንጉሥ ኤድዋርድ አራተኛ ገና ሕፃን የነበረውን ወራሹን በ1473 ወደ ላድሎው ላከው፤ በልጁ ስም ዌልስንና የድንበሩን አገር የሚያስተዳድር ምክር ቤትም እዚሁ ተቋቋመ። ልጁ እዚህ አደገ። አባቱ በሚያዝያ 1483 ሲሞት የ12 ዓመቱ ልጅ ኤድዋርድ አምስተኛ ተብሎ፣ ዘውድ ሊጭን ከላድሎው ወደ ለንደን ተነሳ፤ ዘውዱን ግን ሳይጭን፣ ከታናሽ ወንድሙ ጋር በለንደን ግንብ ገብቶ ደብዛው ጠፋ። ከዚያ በኋላ የሄንሪ ሰባተኛ የበኩር ልጅ አርተር ከአራጎኗ ካትሪን ጋር እንደተጋባ እዚህ መጣ፤ ግማሽ ዓመት እንኳ ሳይቆይ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1502፣ በ15 ዓመቱ በዚሁ ግንብ ሞተ። መበለቲቱን ካትሪንን ከጊዜ በኋላ ያገባት ታናሽ ወንድሙ ሄንሪ ስምንተኛ ሲሆን፣ ያ ጋብቻ ሲፈርስ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ከሮም ተለየች። ልዑሉ ኖሮባቸዋል በሚባሉት ጣሪያ አልባ ክፍሎች ውስጥ ቆሞ ይህን ማሰብ ከባድ ስሜት ይፈጥራል፤ የአንድ ወጣት ሕመም የአንድ አገርን ሃይማኖት መንገድ አስቀይሯልና።

ምክር ቤቱ ፍርድ ቤትም ስለነበር ባለጉዳዮች፣ ጸሐፊዎችና ጠበቆች ከዌልስና ከድንበሩ ግዛቶች ወደ ላድሎው ይጎርፉ ነበር። ማደሪያ፣ ምግብ፣ ወረቀት፣ ልብስ ይፈልጋሉ፤ ክርክራቸው በተራዘመ ቁጥር የከተማዋ ገቢ ይጨምራል። ሪስ ጆንስ ፌዘርስን ያሠራው በዚህ ዘመን ነው። ምክር ቤቱ በ1689 ሲፈርስ ግንቡ ባለቤት እንደሌለው ቤት ሆነ፤ የጣሪያው እርሳስ ተገፈፈ፣ ጣሪያውም ወደቀ። በ1811 የፓዊስ ባላባት ከመንግሥት ገዛው፤ ዛሬም በዚያው ቤተሰብ እጅ ነው። የመግቢያ ክፍያውና የመዝጊያ ሰዓቱ እንደ ወቅቱ ስለሚለያይ አስቀድመው ያረጋግጡ። ለግንቡ ሁለት ሰዓት ይመድቡ።

አደባባዩና ጠባቦቹ መተላለፊያዎች

ከግንቡ በር ሲወጡ ፊት ለፊት የሚያዩት አደባባይ የጥንቱ ገበያ ቁራጭ ብቻ ነው። በመካከለኛው ዘመን ገበያው ከግንቡ በር ተነስቶ እስከ ቡል ሪንግ ድረስ የሚዘልቅ አንድ ረጅምና ሰፊ ጎዳና ነበር። ሻጮች ጠዋት ድንኳን ተክለው ማታ ይነቅሉ ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን አንዳንዱ ድንኳኑን ሳይነቅል አደረ፣ ቀጥሎ የእንጨት ማገር አቆመበት፣ ከዚያም ፎቅ ጨመረበት። በዚህ ዓይነት የገበያው መሐል በመደዳ ቤቶች ተሞላ፤ በመደዳዎቹ መካከል የነበሩት የገበያተኛው መመላለሻዎች ደግሞ ዛሬ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ብዙም የማያሳልፉ መንገዶች ሆነው ቀርተዋል።

ይህ በጽሑፍ ሲነገር ተራ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። በአደባባዩ ምሥራቃዊ ጫፍ ቆመው በግራም በቀኝም ያሉትን ዳር ቤቶች መስመር ዓይንዎ እስኪደርስ ይከተሉ፤ ሁለቱ መስመሮች የጥንቱ ገበያ ወርድ ናቸው። ከዚያ በመካከላቸው ካሉት መተላለፊያዎች በአንዱ፣ ለምሳሌ በሃርፕ ሌን ወይም በማርኬት ስትሪት ይግቡና በእርጋታ ይሂዱ። ቤቶቹ ጓሮ የላቸውም፤ ፊታቸውም ጀርባቸውም ወደ መንገድ ነው፤ የቆሙት በሰው መሬት ላይ ሳይሆን በገበያው ሜዳ ላይ ነውና። በዳሩ ካሉት ቤቶች ጋር ሲያስተያዩዋቸው ልዩነቱ ይበልጥ ይጎላል፤ የዳሮቹ ቤቶች በኋላቸው ረጅምና ጠባብ ይዞታ አላቸው፤ ባላባቱ ከተማዋን ሲመሠርት እየለካ ያከራየው ቦታ እርሱ ነው። ፊቱ ጠባብ የሆነውም ለሁሉም ከገበያው እንዲደርሰው ነው።

በአደባባዩ ላይ በቪክቶሪያ ዘመን ከጡብ የተሠራ የከተማ አዳራሽ ነበር፤ በ1986 ስለፈረሰ ገበያው እንደ ቀድሞው ደጅ ወጥቶ ሜዳ ላይ ይቆማል። በበኩሌ መፍረሱ ለከተማዋ በጎ ሆኗል ብዬ አምናለሁ፤ አይብ፣ ዳቦ፣ ሥጋ፣ አበባና አትክልት ከሚሸጥባቸው ድንኳኖች መካከል ቀና ሲሉ የግንቡ ግድግዳ ይታያል፤ ግንብና ገበያ ተፋጠው የቆዩበት ዝምድናም ያኔ ግልጽ ይሆናል። ምሳዎን ከዚሁ ገዝተው ቢበሉ ይመከራል። በአካባቢው ሥጋ ቤቶች የሚሠሩት ቋሊማና የአሳማ ሥጋ ፓይ የታወቁ ናቸው።

በመተላለፊያዎቹ መጨረሻ በተርክሮስ የሚባለው፣ ሰዓትና ትንሽ ጉልላት ያለው የድንጋይ ሕንጻ ይቆማል። በ1740ዎቹ የተሠራ ነው፤ ምድር ቤቱ ክፍት ሆኖ በቅስት የተከበበው ቅቤ ሻጮች ከፀሐይና ከዝናብ ተጠልለው እንዲሸጡበት ነበር። ፎቁ በአንድ ወቅት የድኾች ልጆች ትምህርት ቤት ነበር፤ ዛሬ የከተማዋ ትንሽ ሙዚየም በዚያው ይገኛል።

ቤተ ክርስቲያኑ

ከበተርክሮስ ጎን ባለችው ጠባብ መንገድ ሲገቡ የቅዱስ ሎረንስ ቤተ ክርስቲያን በድንገት ከፊትዎ ይገጥማል። በሽሮፕሻየር ካሉት የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ትልቁ ነው፤ ማማው 41 ሜትር ይረዝማል፤ 200 ያህል ጠመዝማዛ ደረጃዎችን ለመውጣት አቅም ያለው ሰው ጠዋት ከወንዙ ማዶ ያየውን አገር ከላይ ያየዋል። የከተማዋ ስም የሚጠቅሰው ጉብታ የነበረው እዚህ እንደሆነ ይነገራል፤ በ1199 ቤተ ክርስቲያኑን ለማስፋት ጉብታው ሲደለደል የሰው አፅም ተገኘ፤ ካህናቱም የቅዱሳን አፅም ነው ብለው በክብር አኖሩት።

ይህን ሁሉ ያሠራው ገንዘብ የበግ ጠጉርና የጨርቅ ንግድ ነው። የነጋዴዎቹ መሰብሰቢያ ደግሞ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተመሠረተው የፓልመርስ ማኅበር ነበር፤ ፓልመር ማለት ኢየሩሳሌም ተሳልሞ ዘንባባ ይዞ የተመለሰ ማለት ነው። ማኅበሩ ከአባላቱ መዋጮ ቀሳውስት ቀጥሮ ለሞቱት ያስጸልይ፣ ትምህርት ቤትና የአረጋውያን መጦሪያ ይደግፍ ነበር፤ በ1551 እስኪፈርስ ድረስ ከከተማዋ ቤቶች ብዙዎቹ የእርሱ ነበሩ። በቅዱስ ዮሐንስ ጸሎት ቤት ያለው የ15ኛው ክፍለ ዘመን ባለቀለም መስኮት የማኅበሩን አፈ ታሪክ ይተርካል፤ የላድሎው ተሳላሚዎች በቅድስት አገር ከወንጌላዊው ዮሐንስ ቀለበት ተቀብለው ለንጉሥ ኤድዋርድ ተናዛዡ ሲያደርሱ ያሳያል።

ከቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ግን ብዙ ደቂቃ ሊያሳልፉበት የሚገባው ቦታ የመዘምራኑ ክፍል ነው። መቀመጫዎቹ ወደ ላይ የሚታጠፉ ሲሆኑ፣ ከሥራቸው ትንሽ መደገፊያ አላቸው፤ በረጅሙ ጸሎት ጊዜ መቆም ያደከመው ሰው ቆሞ እየታየ ጥቂት የሚያርፍበት ነው። ከ15ኛው ክፍለ ዘመን የቆዩት 28 መደገፊያዎች ከታች በኩል ተቀርጸዋል። ለዝይዎች የሚሰብክ ቀበሮ አለ፤ መስታወት የያዘች፣ ግማሽ አካሏ ዓሣ የሆነ ሴት አለች። ከሁሉም የገበያ ከተማ ልጅ የሆነችው ግን የቢራ ሻጯ ናት። መስፈሪያዋን አጉድላ ገበያተኛውን ያታለለች ሴት፣ ከራስ መሸፈኛዋ በቀር ራቁቷን፣ ያችኑ መስፈሪያ እንደያዘች በጋኔን ጫንቃ ላይ ተጭና ወደተከፈተው የሲኦል አፍ ትወሰዳለች፤ አንዱ ጋኔን የኃጢአቷን ዝርዝር ከጥቅልል ያነባል፤ ሌላው የከረጢት ዋሽንት እየነፋ ይሸኛታል። ጎንበስ ብለው ሲያዩ የእንጨት ጠራቢው እጅ ለራስ መሸፈኛዋ እንኳ እንዴት እንደተጠነቀቀ ይገረማሉ። ይህን ቅርጽ ያሠሩት ሰዎች ከመቶ እርምጃ ባነሰ ርቀት በሚቆም ገበያ ይነግዱ የነበሩ ናቸው፤ በጎደለ መስፈሪያ የሚደርሰውን ጉዳት አሳምረው ያውቁታል። መቀመጫዎቹን ሲያነሱ አይጣደፉ፤ እንጨቱ ስድስት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው።

ቁልቁል በብሮድ ስትሪት

ከበተርክሮስ ጀምሮ ወደ ወንዙ የሚወርደው ብሮድ ስትሪት በእንግሊዝ ካሉ ውብ ጎዳናዎች ተርታ የሚጠቀስ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ላድሎው የአካባቢው መኳንንት የብርዱን ወራት የሚያሳልፉባት የጨዋታና የግብዣ ከተማ ሆና ስለነበር፣ ባለቤቶቹ ቤታቸውን በዘመኑ ፋሽን አደሱ፤ ይሁንና አብዛኞቹ አሮጌውን የእንጨት ቤት አላፈረሱም፤ ፊቱን ብቻ በጡብ ሸፈኑት። ይህን ለማረጋገጥ የጎን ግድግዳዎችንና ከቤቶቹ ሥር የሚያልፉትን መግቢያዎች ይመልከቱ፤ ከተስተካከለው የጡብ ፊት በስተኋላ የተጣመመ የእንጨት ማገር ብቅ ይላል። በጎዳናው ግርጌ ብሮድጌት ይቆማል፤ ከተማዋን ከከበበው ግንብ ሰባት በሮች ሳይፈርስ የቀረው እርሱ ብቻ ነው፤ በላዩ ቤት ተሠርቶበት ዛሬም ሰው ይኖርበታል።

በሩን አልፈው ሉድፎርድ ድልድይ ሲደርሱ ይቁሙ። በጥቅምት 1459 በንጉሡ ላይ ያመፀው የዮርክ መስፍን ሪቻርድ ሠራዊቱን ከድልድዩ ማዶ አስፍሮ የንጉሥ ሄንሪ ስድስተኛን ጦር ይጠብቅ ነበር፤ ሌሊት ላይ በፈረንሳይ ጠረፍ ካለችው ከካሌ የመጡት ወታደሮቹ ወደ ንጉሡ ከዱ፤ መስፍኑም ወደ አየርላንድ፣ ልጁ፣ የኋላው ንጉሥ ኤድዋርድ አራተኛ፣ ደግሞ ወደ ካሌ ሸሹ። በማግሥቱ የንጉሡ ወታደሮች ከተማዋን ዘረፉ። ኤድዋርድ ከሁለት ዓመት በኋላ ዙፋኑን ሲይዝ ላድሎውን አልረሳትም፤ በ1461 ራሷን በራሷ እንድታስተዳድር የሚፈቅድ ቻርተር ሰጣት።

ከድልድዩ ማዶ፣ በመንገዱ ማዕዘን ላይ፣ የድንጋይ ንብርብሮች ይታያሉ። ሮደሪክ መርቺሰን የተባለው የሥነ ምድር ሊቅ በ1830ዎቹ ያጠናቸው ድንጋዮች እነዚህ ናቸው፤ በዓለም ሁሉ የሚሠራበት የምድር ታሪክ ሰንጠረዥ ውስጥም ከ423 ሚሊዮን ዓመት በፊት ያበቃው ዘመን «ላድሎው» ይባላል። በንብርብሩ ውስጥ በጥንታዊ ዓሦች ቅርፊትና አጥንት ቅሪት የተሞላ ስስ ሽፋን አለ። ቦታው በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ ድንጋይ መስበርም መውሰድም ክልክል ነው።

ሁለተኛ ቀን ላለው

የበግ ጠጉሩ ሀብት እስከ ምን ድረስ ይሄድ እንደነበር ማየት የሚፈልግ ሰው በማግሥቱ በባቡር ወደ ሰሜን አንድ ጣቢያ ብቻ ተጉዞ ክሬቨን አርምስ ይውረድ፤ ከዚያ በእግር ጥቂት እንደሄደ ስቶክሴይ የሚባለውን የተመሸገ መኖሪያ ቤት ያገኛል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ያሠራው የላድሎው ሎረንስ ነው፤ ከዘመኑ ታላላቅ የሱፍ ነጋዴዎች አንዱ የነበረ፣ ለንጉሡ እስከማበደር የደረሰ ሰው። በ1294 ሱፍ ጭኖ ወደ አውሮፓ ሲሻገር መርከቡ ሰጥማ ሞተ፤ ቤቱ ግን ከነአዳራሹ እስካሁን አለ። ወደ አዳራሹ ሲገቡ በመጀመሪያ ቀና ብለው የጣሪያውን ግዙፍ ማገሮች ይመልከቱ፤ ቀጥሎ ወለሉ መካከል ያለውን የምድጃ ቦታ ይፈልጉ። ጭስ ማውጫ ስላልነበረው ጭሱ ወደ ጣሪያው ይወጣ ነበር፤ የባለጸጋው ነጋዴ እንግዶች በዙሪያው ተቀምጠው ይሞቁ ነበር።